መሪውን ለማን?

ሀና ማርያም በሌሊት ፀጥ የሚል ሰፈር አይደለም። የሚኒባስ ረዳቶች ጥሪ ካበቃ፣ የሱቆቹ መብራት አንድ በአንድ ከጠፋ በኋላ፣ ከቃሊቲ አቅጣጫ በቀለበት መንገዱ የሚመጣው የከባድ መኪና ድምፅ ተራውን ይረከባል። መጀመሪያ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማል። ቀጥሎ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩ ለአፍታ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያም ተሳቢው እየተንገጫገጨ ሲያልፍ የመስኮቴ መስተዋት በስሱ ይርገበገባል። እንቅልፍ ባጣሁባቸው ሌሊቶች ይህን ድምፅ እየተከተልሁ አንድ ነገር አሰላስላለሁ፤ ይህ መኪና ከጅቡቲ ወደብ እስከዚህ በስንት ሰው እጅ መጣ? መሪውን የያዘው ሰውስ ዓይኑን የከደነው የት ላይ ነው?

ጥያቄውን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለጎረቤቴ አቀረብሁላቸው። ጎረቤቴ በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ ብዙ ዓመት የነዱ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ጋሼ» ብቻ ይላቸዋል። ስኒያቸውን ከረከቦቱ ላይ አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ፤

«ልጄ፣ መሪ የያዘ ሰው መድከሙን መጨረሻ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው። ቀድሞ የሚያውቀው ረዳቱ ነው። ረዳት ደግሞ ምን አፍ አለው?»

ይህች አነጋገር ብዙ ዘመን በልቤ ያስቀመጥሁትን የአንድ ፈረንሳዊ ታሪክ ቀሰቀሰችብኝ። ሰውዬው ፒየር ሌቬግ ይባላል። ኑሮው ከጋራዥ ሥራ የሚገኝ፣ ውድድሩን ግን ስለ ፍቅሩ ብሎ በራሱ ወጪ የሚወዳደር ሰው ነበር። በአንድ እሑድ ቀን የዓለም ትልቁን የጽናት ውድድር ብቻውን ነድቶ ሊያሸንፍ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቀርቶት ነበር። ውድ አንባቢያን፣ የመኪና እሽቅድምድም ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ምኑ ነው እንዳትሉኝ። በቋንቋችን «መሪ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል፤ ሹፌሩ የሚጨብጠውን ክብ ነገርም፣ ሕዝብን ወይም ቤትን ይዞ የሚጓዘውን ሰውም በአንድ ስም እንጠራለን። መሪን ስለ መያዝና መሪን ስለ መልቀቅ የሚነገር ታሪክ ደግሞ ለማንም አንባቢ ባዕድ አይሆንም።

*

ለ ማን ከፓሪስ በደቡብ ምዕራብ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟን በእኛ ፊደል በጻፍሁ ቁጥር እገረማለሁ፤ በሁለቱ ፊደላት መካከል ያለውን ክፍተት ብናጠበው ጥያቄ ይወጣዋል። ከተማዋ በዓለም የታወቀችው በየዓመቱ በምታስተናግደው የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ነው። ውድድሩ መጀመሪያ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1923፣ በእኛ አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. ሲሆን፣ 33 መኪናዎች ተሰልፈውበታል። ያሰናዱት ሰዎች ሐሳባቸው ቀላል ነበር። በአጭር መንገድ ላይ ማን እንደሚፈጥን ብዙ ውድድር ያሳያል፤ ሌሊቱን ሙሉ፣ በዝናብም በጭጋግም፣ መብራቱ ሳይጠፋና ሞተሩ ሳይከዳ የሚዘልቀው የትኛው መኪና እንደሆነ ግን የሚፈትን አልነበረም። ስለዚህ ጉዳዩን በርቀት አደረጉት። ከቀኑ 10 ሰዓት ተነሥቶ በማግሥቱ 10 ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ከሁሉ የበለጠ ርቀት የሄደ ያሸንፋል።

የሚዞሩበት መንገድ አብዛኛው የሕዝብ መንገድ ነው። በሌላው ቀን የገበሬ ጋሪና የጭነት መኪና የሚመላለስበት፣ ግራና ቀኙ ዛፍና መንደር የሆነ ጎዳና ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አንዱ ዙር 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነበር። በዚያ ላይ ሌሊት መብራት አብርቶ መክነፍ ምን እንደሚመስል የሰንዳፋን ወይም የሞጆን መንገድ በጨለማ የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ልዩነቱ የፍጥነቱ ነው።

ይህ ውድድር ከሌሎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። መኪናው አንድ ነው፤ ሹፌሮቹ ግን ብዙ ናቸው። በዚያን ዘመን ሁለት፣ ዛሬ ደግሞ ሦስት ሰዎች እየተፈራረቁ ይነዱታል። አንዱ ሲደክም ይወርዳል፤ ሌላው ገና የባልንጀራው ሙቀት ያልለቀቀው ወንበር ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ የፍጥነት ጥበብ ግማሹ ነው። ግማሹ የርክክብ ጥበብ ነው።

ሌላም ጠባይ አለው። ከታላላቅ ኩባንያዎች ቅጥር ሹፌሮች ጎን ለጎን የጋራዥ ባለቤቱ፣ ነጋዴው፣ ባላባቱ፣ ተዋናዩ በገዛ ገንዘቡ መኪና ገዝቶ ሊሰለፍ ይችላል። እነዚህን አማተር እንላቸዋለን። ቃሉን ብዙ ጊዜ እንደ ስድብ እንጠቀምበታለን፤ ያልበሰለ፣ ያልሠለጠነ ለማለት። በፈረንሳይኛ ሥሩ ግን «አፍቃሪ» ማለት ነው። ሌቬግ በዚህ በመጀመሪያው ትርጉም አማተር ነበር።

*

የመዝገብ ስሙ ፒየር ቡዪያን ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1905 በፓሪስ ነው። «ሌቬግ» የተበደረው ስም ነው። አጎቱ አልፍሬድ ቬልግ መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን የነዳና እ.ኤ.አ. በ1900 ከፓሪስ ቱሉዝ ደርሶ መልስ የተደረገውን ውድድር ያሸነፈ ሰው ነበር። አጎትየው የስሙን ፊደላት አገለባብጦ «ሌቬግ» እየተባለ ይወዳደር ነበር። የሞተው እ.ኤ.አ. በ1904፣ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ የሆነው ፒየር ከመወለዱ በፊት ነው። ልጁ እንግዲህ ዓይቶት የማያውቀውን ሰው ስም ለብሶ ወደ መንገድ ወጣ። በእኛ ሀገር የአያት ስም ተሸክሞ ያድጋል የሚባል ልጅ ምን ዓይነት ሸክም እንደሚጫንበት እናውቃለን። ሰው ሁሉ ከማያውቀው ሰው ጋር ያስተያየዋል።

ሌቬግ ለ ማን ላይ መጀመሪያ የተሰለፈው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ ያን ጊዜ ሳይጨርስ ወጣ። ወዲያው ጦርነቱ መጣና ውድድሩ ለዓመታት ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1949 ሲቀጥል የሌቬግ ዕድሜ አርባዎቹን ጀምሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ታልቦ በሚባለው የፈረንሳይ መኪና በስድስት የፎርሙላ ዋን ውድድሮች ተሰልፎ ነበር፤ ስሙ ግን ከታላላቆቹ ተርታ አልገባም። እ.ኤ.አ. በ1951 ከባልንጀራው ከሬኔ ማርሻን ጋር እየተፈራረቀ ለ ማን ላይ 4ኛ ወጣ። 4ኛ መውጣት ጎጂ ነገር ነው። ከሩቅ ላለ ሰው ክብር ነው፤ ለባለቤቱ ግን በር ላይ ደርሶ መመለስ ነው።

በማግሥቱ ዓመት የራሱን ታልቦ ይዞ መጣ። 4 ነጥብ 5 ሊትር ሞተር ያለው፣ አካሉን እንደገና ያሠራው መኪና ነበር። የሚፈራረቀውም ያው ማርሻን ነበር። ዕለቱ ሰኔ 7 ቀን 1944 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1952 ነው።

*

የዚያን ሌሊት ነገር እንዲህ ነበር። የጣሊያኖቹ ፌራሪዎች በመጀመሪያው ሰዓት እንደ እሳት ነደዱና ቀዘቀዙ። የእንግሊዞቹ ጃጓሮች ለፍጥነት ብለው በለወጡት አካል ምክንያት ሞተራቸው እየጋለ ከመንገድ ወጡ። ጎርዲኒ የተባለችው ትንሽ የፈረንሳይ መኪና እስከ ሌሊቱ አጋማሽ ድረስ ስትመራ ቆየች፤ ፍሬኗ ከዳት። ከ50 በላይ መኪናዎች ከተነሡበት ውድድር መጨረሻውን ያዩት ሲሶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ጎርዲኒዋ ስትወጣ ከፊት የተገኘው ሌቬግ ነበር። ከኋላው የሚከተሉት ደግሞ የጀርመኖቹ መርሴዲሶች ነበሩ። ጦርነቱ ካበቃ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። በመንገዱ ዳር የቆመው ፈረንሳዊ ምን እንደተሰማው መናገር አያስፈልግም።

ሌቬግ ነዳጅ ሊቀዳ በቆመ ቁጥር ማርሻን የራስ ቁሩን አጥልቆ ይጠብቃል። ሌቬግ አይወርድም። መጀመሪያ ያሰበው ጥቂት ሊቆይ እንደሆነ ጠባቂዎቹ ሁሉ ገምተው ነበር። ሌሊቱ ነጋ፤ አልወረደም። ጭጋጉ ተገፈፈ፤ አልወረደም። እንደሚተረከው ሚስቱም፣ መካኒኮቹም፣ ማርሻን ራሱም ለመኑት። ወንበሩ ላይ ተጣብቆ ራሱን እየነቀነቀ እንደገና ወጣ። እሑድ ቀትር ላይ ከተከታዩ መርሴዲስ በአራት ዙር፣ ማለትም ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀድም ነበር።

ከመፍረዳችን በፊት አንድ ነገር ልብ እንበል። ይህን የሞከረ እሱ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1949 ሉዊጂ ኪኔቲ ከ24ቱ ሰዓት ሃያ ሁለቱን በላይ ነድቶ ለፌራሪ አሸነፈ፤ የመኪናው ባለቤት እንግሊዛዊ ሎርድ የነዳው ጥቂት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 እንደ ሌቬግ ሁሉ የጋራዥ ባለቤት የነበረው ሉዊ ሮዚዬ ለልጁ ሁለት ዙር ብቻ ሰጥቶ፣ የቀረውን ሁሉ ራሱ ነድቶ አሸነፈ። መኪናው ታልቦ ነበር። በዚያው ዓመት ኤዲ ሆል የተባለ እንግሊዛዊ አማተር ባረጀ ቤንትሌይ 24ቱን ሰዓት አንድም ጊዜ ሳይለቅ ነድቶ 8ኛ ወጣ። ለ ማንን ከመነሻ እስከ መድረሻ ብቻውን የጨረሰ ሰው እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሌቬግ ያበደ ሰው አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ሲሠራ ያየውን ነገር የደገመ ሰው ነበር። ሰው ከሚማርባቸው ነገሮች ሁሉ አደገኛው የሌላው ሰው ዕድል ሳይሆን አይቀርም።

ደግሞም ምክንያት ነበረው። ሞተሩ ከጊዜ በፊት እንግዳ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር ይባላል። ሌቬግ መኪናውን ከራሱ በቀር የሚያውቀው እንደሌለ አመነ። ይህን መንቀጥቀጥ በእጁና በጀርባው እየሰማ፣ የት ላይ ረገጥ፣ የት ላይ ለቀቅ ማድረግ እንዳለበት የሚያውቀው እሱ ነው። ማርሻን ቢቀመጥበት አንድ ጊዜ በስሕተት ይረግጠውና ሁሉም ነገር ያበቃል። ይህ ሐሳብ ሐሰት አልነበረም። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚያመው። መሪውን የማይለቅ ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራውን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቅ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚወድ ሰው ነው። የማይታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናውን የሚያውቁት እጆች ከ20 ሰዓት በኋላ እነዚያው እጆች አለመሆናቸው።

እሑድ ሰኔ 8 ቀን፣ ሊያበቃ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ሲቀረው፣ ታልቦው ከመንገዱ ዳር ቆመ። የቢዬላ ቡሎን ተበጥሶ ነበር። በድካም ማርሽ ተሳስቶ ሞተሩን አስጮኸው የሚሉ አሉ፤ ያ መንቀጥቀጥ የጀመረው ቡሎን በራሱ ጊዜ ተበጠሰ የሚሉም አሉ። ሁለቱ መርሴዲሶች አለፉ። ሄርማን ላንግ እና ፍሪትስ ሪስ ተፈራርቀው ከ3,700 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው አንደኛ ወጡ፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ያህል ማለት ነው። ሁለተኛውም መርሴዲስ ነበር።

ሕዝቡ ያን ጠዋት ጀግና ያለውን ሰው ያን ማታ ትዕቢተኛ አለው። ያ ቡሎን አንድ ሰዓት ከሩብ ቢታገሥ ኖሮ ዛሬ በስሙ አደባባይ ይኖር ነበር። «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ለማፌዝ ነው፤ ሌቬግ ግን ከ50 መኪና መካከል ብቻውን ሮጠ፤ የቀደመው የገዛ ብቸኝነቱ ሆነ።

*

የሚቀጥለውን በአጭሩ ልለፈው፤ የሚያስደስት አይደለምና። የመርሴዲስ ቡድን አለቃ አልፍሬድ ኖይባወር ያን የ1952 ሰው አልረሳውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ሦስት መኪናዎችን ወደ ለ ማን ሲያመጣ፣ በአንደኛው ላይ እንዲነዳ ሌቬግን ጋበዘው። ዕድሜው 49 ነበር። አማተሩ በመጨረሻ የታላቅ ቡድን ነጭ ቱታ ለበሰ። ተፈራራቂው ጆን ፊች የተባለ አሜሪካዊ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ተዋጊ አውሮፕላን ያበረረ ሰው። ፊች በኋላ እንደ ተናገረው፣ ሌቬግ ነዳጅ መቅጃው ፊት ያለው መንገድ ለእነዚህ መኪናዎች ፍጥነት እጅግ ጠባብ መሆኑ ያሳስበው ነበር።

ቅዳሜ ሰኔ 4 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በዚያው ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ጃጓር ለመቆም ፍሬን ያዘ። ከኋላው የነበረው ሌላ መኪና እሱን ለማምለጥ ወደ መካከል ወጣ። ከዚያ ኋላ ሌቬግ በሙሉ ፍጥነት እየመጣ ነበር። መርሴዲሱ በፊተኛው መኪና ጀርባ ላይ ወጥቶ ተወረወረና ሕዝቡ ወደ ቆመበት ገባ። ሌቬግና ከ80 የሚበልጡ ተመልካቾች ሞቱ። በመኪና ውድድር ታሪክ ከዚያ የከፋ ቀን የለም። ከኋላው ይከተል የነበረው ታላቁ ሁዋን ማኑዌል ፋንጂዮ፣ ሌቬግ ከመጋጨቱ በፊት እጁን አንሥቶ እንዳስጠነቀቀው፣ ሕይወቱንም እንዳተረፈለት ሲናገር ኖሯል። ይህ እውነት ከሆነ፣ ያ ሰው በመጨረሻዋ ቅጽበት አንድ እጁን ከመሪው ላይ ያነሣው ለሌላ ሰው ብሎ ነው።

ውድድሩ አልቆመም። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ቢበተን ለአምቡላንሶች መንገድ ይዘጋል ተብሎ እስከ ማግሥቱ 10 ሰዓት ቀጠለ። መርሴዲስ ግን እየመራ ሳለ በሌሊት መኪናዎቹን አስወጣ፤ በዓመቱ መጨረሻም ከውድድር ዓለም ለብዙ ዘመን ተሰናበተ። ምርመራው በየትኛውም ሹፌር ላይ ጥፋት አላገኘም፤ የተፈረደበት መንገዱ ነው። ስዊዘርላንድ በክብ መንገድ የሚደረግ የመኪና ውድድርን ከለከለች፤ ክልከላው ሙሉ በሙሉ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

አደጋው በደረሰ ጊዜ ጆን ፊች ልብሱን ለብሶ ተራውን እየጠበቀ ነበር። ማርሻን በ1952 እንደ ጠበቀ እርሱም ጠበቀ፤ ሁለቱም መሪውን አልተረከቡም። ፊች ግን የተረከበው ሌላ ነገር አለ። ቀሪ ዘመኑን የመንገድ ደኅንነትን ሲያጠና ኖረ፤ በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች መገንጠያ ላይ የሚደረደሩትን፣ አሸዋ የተሞሉ በርሜሎች የፈለሰፈው እሱ ነው። መኪና ስቶ ሲመጣ አሸዋው ግጭቱን ቀስ በቀስ ይውጠዋል። በዚህ የተረፈው ነፍስ ብዙ ነው። ተራ ጠባቂው ሰው ያተረፈው ይህን ነው።

*

ለ ማን ከዚያ ወዲህ ከሌቬግ ተምሯል። ዛሬ ደንቡ አንድ ሹፌር በ24ቱ ሰዓት ውስጥ ከ14 ሰዓት በላይ፣ በማናቸውም ስድስት ሰዓት ውስጥም ከ4 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። ኪኔቲና ሮዚዬ ያሸነፉበት፣ ሌቬግ የወደቀበት ነገር አሁን ሕገ ወጥ ነው። ሰው መድከሙን ራሱ እንደማያውቅ አውቀው፣ ፍርዱን ከእጁ ወስደው ለሰዓት ሰጡት።

አማተሩ ግን አልተባረረም። ሹፌሮቹ ዛሬ በደረጃ ይመደባሉ፤ ፕላቲነም፣ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ። ነሐስ ማለት ዘግይቶ የጀመረው፣ ሌላ እንጀራ ያለው አፍቃሪ ነው። ከክፍሎቹ በአንዱ እያንዳንዱ መኪና ቢያንስ አንድ ነሐስ ሹፌር እንዲኖረው ግዴታ ነው። ያ ነሐስ ሰው ደግሞ መሪውን ለወጣቱ ያስረክባል፤ ከእሱም ይረከባል። ተዋናዩ ፖል ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1979፣ በ54 ዓመቱ፣ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ተፈራርቆ 2ኛ ወጥቷል። ቤን ኪቲንግ የተባለው የቴክሳስ መኪና ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ2022ና በ2023 በክፍሉ አሸንፏል። ሁለቱም ብቻቸውን ቢሆኑ ስማቸውን ባልጻፍሁ ነበር።

እኛ ጽናትን የምናውቀው በእግር ነው። ስለዚህ ይህን ሁሉ ሳስብ ወደ ሜክሲኮ እመለሳለሁ፤ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.። አበበ ቢቂላ ሁለት ማራቶኖችን አሸንፎ ለሦስተኛው ተሰልፏል። ሕዝቡ ሁሉ የሚጠብቀው እሱን ነው። እግሩ ግን ተጎድቷል። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከአጠገቡ ለሚሮጠው ለማሞ ወልዴ መቀጠል እንደማይችል፣ ከዚህ በኋላ አደራው የእሱ እንደሆነ ነገረውና ወጣ ተብሎ በሰፊው ይተረካል። ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን ለኢትዮጵያ ለሦስተኛ ጊዜ አስገኘ። አበበ ከሮምና ከቶኪዮ ድሎቹ ጋር ይህንንም መቁጠር ይገባናል ብዬ አምናለሁ። በአንድ ሰው እግር ተጀምሮ በሌላው ሰው እግር የተፈጸመ ሩጫ ነበርና።

በዚያው በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አበበ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ ሰውነቱ ሽባ ሆነ። ያን ታላቅ እግር መኪና ነጠቀን። እሱ ግን እንግሊዝ ሀገር ሲታከም ቀስትና ደጋን ይዞ በተሽከርካሪ ወንበር ተወዳደረ። መልቀቅን የሚያውቅ ሰው እንደገና መጀመርንም ያውቃል።

*

ይህን ሁሉ ለጋሼ አጫወትኋቸው። በመሐል አላቋረጡኝም። የቢዬላው ቡሎን ተበጠሰ ስላቸው ብቻ፣ ድምፁን የሰሙ ይመስል ፊታቸውን አጨማደዱ። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤

«አንድ ጊዜ ከአሰብ ስመጣ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ረዳቴ መንጃ ፈቃድ ነበረው፤ ጎበዝ ልጅ ነው። ሦስት ጊዜ 'ጋሼ፣ ልያዝልዎት' አለኝ። ሦስት ጊዜ 'ተኛ' አልሁት። መኪናዋን ከእኔ በቀር የሚያውቃት አለ ብዬ አላምንም ነበር። ሚሌን አልፌ ዓይኔን የከደንሁ አልመሰለኝም። እኔ አንድም ጭረት አላገኘኝ። እሱ እስከ ዛሬ ያነክሳል።»

ምን እንደምላቸው አጣሁ። ሰማዩ ወደ ፉሪ በኩል መቅላት ጀምሯል፤ ልጆች ጎማ እያሽከረከሩ በበሩ ፊት ያልፋሉ።

«ያ ልብሱን ለብሶ የሚጠብቀው ሰው፣ ስሙን ማን አልኸኝ?»

«ማርሻን፣ ጋሼ።»

«እሱን ጻፍልኝ። የነዳውን ሰው ሁሉም ይጽፈዋል።»

እነሆ ጻፍሁላቸው። ዛሬም ሌሊት ነው። ከቃሊቲ በኩል አንድ ተሳቢ እየመጣ ነው፤ ማርሽ ቀይሯል፤ መስታወቴ ሊርገበገብ ነው። በጋቢናው ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ ብዬ አስባለሁ። አንዱ መሪውን ይዟል። ሌላው ነቅቶ ያየዋል፤ አፍም እንዲኖረው እመኛለሁ።